አብሽሪ፣ መኪናው እየመጣ ነው

«ሲስተሙ ያለ አንዳች ስህተት ሠርቷል» ይላል የቀድሞ መሥሪያ ቤቴ ሪፖርት። እኔን የሚያቃጥለኝ ውሸት መሆኑ አይደለም፤ እውነት መሆኑ ነው። ውሸት ቢሆንማ አንድ ቀን ተሳድቤ ይወጣልኝ ነበር። ሲስተሙ በእርግጥም አልተሳሳተም። ጠብቅ ተባለ፣ ጠበቀ። እኔ ደግሞ መጀመሪያ የሠራሁት እንዳይጠብቅ ነበር። ከዚያ መሥሪያ ቤት ከወጣሁ ስንት ክረምት አልፏል፤ ዛሬም ባንክ ገብቼ ስክሪን ላይ «እባክዎ ይጠብቁ» የሚል ጽሑፍ ሳይ ቆሽቴ ያርራል። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ምን ነካት ብሎ ያየኛል። ይየኝ!

የመካነ ሰላም ልጅ ነኝ። ኮምፒውተር የተማርኩት በታናሽ እህቴ ጉልበት ነው፤ ይህን ሳልናገር ስለ ሥራዬ ባወራ ነውር ነው። እሷ ስምንተኛ ክፍልን እንኳ ሳትጨርስ፣ ማተቧን ፈትታ ለእናታችን ሰጥታ፣ ስሟን ቀይራ፣ ሂጃብ ለብሳ ጅዳ ገባች። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። እሷ የሰው ወለል ስትወለውል፣ የሰው ልጅ ስታዝል፣ እኔ ደብተሬን ታቅፌ ጥላ ሥር እቀመጥ ነበር። ስትደውል አንድ ቀን አማርራ አታውቅም። «አብሽሪ እታለም፣ አንቺ ብቻ ተማሪ» ትለኝ ነበር። አብሽሪ በእኛ አገር እስላሙም ክርስቲያኑም የሚለው ቃል ነው። አይዞሽ ማለት ነው፤ ለእኔ ግን ከአይዞሽ ይበልጥ ይሞቃል።

ኋላ ከብዙ ሰው ጋር ተጠርዛ መጣች። ይዛ የመጣችው አንድ ሻንጣና የወገብ በሽታ ነበር። ብዙም ሳትቆይ አንድ ጨዋ ገበሬ አገባች። ቤታቸው ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ፣ መሬቱ ወደ ዓባይ በረሃ መውረድ በሚጀምርበት አፋፍ ላይ ነው። መኪና ከከተማው ተነስቶ በመሃል እስካለው ትንሽ ወንዝ ድረስ ይወርዳል፤ ከወንዙ ወዲያ እስከ ቤታቸው ያለው በእግር ነው።

እኔ በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ ነበርኩ። የምሠራበት መሥሪያ ቤት ስሙ ይቅር፤ መጥራቱ ራሱ ያመኛል። ሥራው ግን የምወደው ሥራ ነበር። ለምጥ የሚደርሱ አምቡላንሶችንና በየገጠሩ ያሉ ጤና ኬላዎችን የሚያገናኝ ሶፍትዌር ሥሩ ተባልን። መሞከሪያውም የእኛ አገር ሆነ፤ ከአቀስታ እስከ መካነ ሰላም፣ አጅባርን ጨምሮ። ይህን ስሰማ ከወንበሬ ዘለልኩ።

በዚያ ደጋ ችግሩ የመኪና ማነስ ብቻ አይደለም፤ ኔትወርኩም ነው። ደመና ሲወርድ ይጠፋል፣ መብራት ሲሄድ ይጠፋል፣ ዝም ብሎም ይጠፋል። እህቴ ጅዳ በነበረች ጊዜ ስልኳን የምንቀበለው ከከተማው ወጣ ብላ ያለች ጉብታ ላይ ወጥተን ነበር። እሁድ እሁድ ዓረብ አገር ልጅ ያላት እናት ሁሉ እዚያች ጉብታ ላይ ስልኳን ወደ ሰማይ አንስታ ትቆማለች። እንዲህ ባለ አገር ሁሉን ነገር አዲስ አበባ ባለ አንድ ኮምፒውተር የሚያዝ ሶፍትዌር ብትሠራ፣ መስመር በተቋረጠ ቁጥር ነገር ዓለሙ ሁሉ ይቆማል። ስለዚህ በወኪሎች ለመሥራት ወሰንን።

ወኪል የምንለው ራሱን የቻለ ትንሽ ፕሮግራም ነው። የራሱን ጉዳይ ያውቃል፤ ከሌሎች ወኪሎች ጋር መልእክት ይለዋወጣል፣ ይደራደራል፣ ከዚያ ራሱ ይወስናል። አንዱ በጤና ኬላዋ ስልክ ውስጥ ይቀመጣል፣ ሌላው በአምቡላንስ ሾፌሩ ስልክ ውስጥ። የጤና ኬላዋ ወኪል «ምጥ አለ፣ ማን አለ?» ብሎ በተራ የጽሑፍ መልእክት ይጣራል። የሰሙት የመኪና ወኪሎች ያሉበትን ቦታ፣ ነዳጃቸውን፣ ሰው ጭነው እንደሆነ ያያሉ። ቅርብ ያለው «እኔ አለሁ» ይላል፤ ሌሎቹ ዝም ይላሉ። ሁለት ምጥ በአንድ ጊዜ ቢመጣ ይከራከራሉ፤ ደም የሚፈሳት ትቀድማለች። «አለሁ» ያለው ካልተንቀሳቀሰ የጤና ኬላዋ እንደገና ትጣራለች። አለቃ የላቸውም። አለቃ ስለሌላቸውም አንዱ ሲበላሽ ሌላው ሥራውን ይቀጥላል።

ይህ አሠራር በመጽሐፍ አለ፤ እኔ አልፈጠርኩትም። ግን ሳነበው ቶሎ የገባኝ ኡኡታ እየሰማሁ ስላደግኩ ነው። በእኛ አገር ቤት ሲቃጠል፣ ሰው ገደል ሲገባ፣ አንዱ አፋፍ ላይ ወጥቶ ኡኡ ይላል። የሰማ ሁሉ የያዘውን ጥሎ ይሮጣል። መሮጥ የማይችል ሽማግሌ ጩኸቱን ተቀብሎ ለማዶው ያሻግራል። ቀድሞ የደረሰው ይጀምራል፣ ኋላ የደረሰው ያግዛል። ሊቀመንበሩ መጥቶ ይፍቀድልን ብሎ የቆመ ሰው በሕይወቴ አላየሁም። እኔ የጻፍኩት ያንኑ ኡኡታ በኮምፒውተር ቋንቋ ነው።

አብሮኝ የሚሠራ አንድ ወጣት ነበር፤ ጭንቅላቱ ምላጭ ነው። ከእሱ ጋር ሆነን መጀመሪያ ወኪሎቹን በኮምፒውተር ላይ ብቻ አኖርናቸው። ስክሪኑ ላይ ነጥቦች ናቸው፤ ሰማያዊው መኪና፣ ቀዩ ጤና ኬላ። ሆን ብለን ኔትወርኩን እንቆርጥባቸዋለን። ሆን ብለን አንዱን መኪና እናጠፋለን። ትንሽ ይደናገራሉ፤ ከዚያ እርስ በርስ ይጠራሩና ሌላው መኪና ይነሳል። እኛ ሁለታችን ጎል እንደገባለት ሰው እንጮኻለን። ጽዳት የምትሠራው ሴትዮ «እነዚህ ልጆች ምን አገኛቸው?» ብላ በር ከፍታ አይታን ታውቃለች።

ከዚያ አገር ቤት ወርደን ሞከርነው። የመካነ ሰላሙ አምቡላንስ ሾፌር የደሴ ሰው ነው፤ ጎልማሳ፣ ተጫዋች፣ ሲነዳ ከመኪናው ጋር የሚያወራ። ወኪሉን ስልኩ ላይ ጫንኩለትና ከአንዱ ተረተር ጀርባ አቆምነው። ደመናው ወርዶ ነበር፤ ከአዲስ አበባ ጋር የሚያገናኝ ኢንተርኔት የለም፣ የጽሑፍ መልእክት ብቻ እንደምንም ያልፋል። ባልደረባዬ ከማዶ ጤና ኬላ ሆኖ ጥሪውን ላከ። የሾፌሩ ስልክ ጮኸ፤ ወኪሉ ያለ ማንም ትእዛዝ «እኔ አለሁ» ብሎ መልሶ መንገዱን አሳየው። ሾፌሩ ስልኩን አገላብጦ አየና «ያረቢ! ይሄ ልጅ ጨዋ ነው፤ ከአለቃዬ ይሻላል» አለኝ። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ ከዚያ ወዲህ በሥራ አላገኘሁትም።

ጉዱ የፈላው ለኃላፊው ያቀረብን ዕለት ነው። ኃላፊያችን ሥልጣኑን በስብሰባ ያገኘ ሰው ነው። ፊት ለፊት አንቱ እለው ነበር፤ እዚህ ግን አንቱ አልለውም፣ አንደበቴ እምቢ ይላል። ኮምፒውተር አለማወቁን አልጠላሁበትም። ባለማወቁ ላይ ማዘዙን ነው የጠላሁት። ነጥቦቹ ግድግዳው ላይ ሲሯሯጡ አየና «ጥሩ ነው፣ በጣም ጥሩ ነው» አለ። ከዚያ ጣቱን ቀስሮ «የነዚህ ጠርናፊ የቱ ነው?» ብሎ ጠየቀ።

ያ ጊዜ የአንድ ለአምስት ጊዜ ነው። ገበሬው በአንድ ለአምስት ተደራጅቷል፤ ተማሪውም፣ አስተማሪውም፣ እኛም ቢሮ ውስጥ ተደራጅተናል። አምስቱን የሚይዘው አንዱ ጠርናፊ ይባላል። የሰው መደራጀት ለምጄዋለሁ። ፕሮግራም ይደራጃል ብዬ ግን በሕልሜም አላሰብኩም። የሚቀልድ መሰለኝና ሳቅሁ። ብቻዬን ነበር የሳቅሁት።

«ጠርናፊ የላቸውም» አልኩት።

«ታዲያ ማን ነው የሚያዛቸው?»

«ማንም። ተነጋግረው ራሳቸው ይወስናሉ።»

«ራሳቸው?» ዞሮ ሌሎቹን አየ። «መኪናው የመንግሥት፣ ነዳጁ የመንግሥት፣ ራሱ ይወስናል? ነገ አንዱ መኪና ብድግ ብሎ ቢሄድና ማን አዘዘው ብባል ምን ልል ነው?»

«ምጥ አዘዘው ይበሉ።»

ኃላፊው ማርከር አነሳ። ተነሳ፣ ሰሌዳው ላይ አምስት ክብ ሣለ፣ ከላያቸው አንድ ክብ ሣለ፤ ከዚያ ጠርናፊዎቹን የሚጠረንፍ ሌላ ክብ ሣለ። ከሁሉም በላይ «እኛ» ብሎ ጻፈ። «ያልተማከለ መሆኑ ይቀጥላል» አለ፤ «ውሳኔው የወኪሎቹ ነው። ማጽደቁ ብቻ ነው ከላይ፣ ጠርናፊውን ስልኩ ላይ ከሚይዘው የአካባቢው አስተባባሪ የሚመጣው።» እግዜር ያሳያችሁ! ሰው እንዲህ ሲል ፊቱ ትንሽ እንኳ አይቀላም?

እርር ድብን አልኩ። «የአስተባባሪው ስልክ ቢዘጋስ?» አልኩት። «ኃላፊነት የሚሰማው ሰው ስልኩ አይዘጋም» አለኝ። «እሺ፣ መልስ ሳይመጣ ከቆየ መኪናው በራሱ ይሂድ። ይቺን ብቻ ይተዉልኝ» ብዬ ለመንኩት፤ አዎ፣ ለመንኩት። «ዝምታ ፈቃድ አይደለም» አለና የማርከሩን ክዳን ቀጭ አድርጎ ገጠመው። ባልደረባዬ አንገቱን አቀርቅሮ «ይቻላል» አለ። ኋላ ኮሪደር ላይ ክርኑን ይዤ «ምን ነካህ አንተ?» ስለው «ሁለታችን ከምንባረር ይቻላል ብል አይሻልም?» አለኝ። እሱ ጻፈው። አንድ የማይረባ ነገር እንዴት አድርጎ አሳምሮ ጻፈው! አንድ ስህተት የለበትም።

እኔ በዚያ ሥራ ያሸነፍኩት በአንድ ቃል ብቻ ነው። መኪናው መፈቀዱን ለእናትየዋ የሚነግር መልእክት ነበረ፤ በቀጥታ በስልኳ ይደርሳታል። ኃላፊው «የተከበሩ ተገልጋያችን፣ ጥያቄዎ አዎንታዊ ምላሽ አግኝቷል» እንዲል ፈለገ። ወገቧ ለሁለት ሊከፈል የደረሰ ሴት ይህን ታንብብ! ተጨቃጨቅኩ፣ ጠረጴዛ መታሁ፤ «አብሽሪ መደበኛ ቋንቋ አይደለም» አለኝ፤ «ምጥም መደበኛ አይደለም» አልኩት። በመጨረሻ ሰልችቶት ተወልኝ። «አብሽሪ። ጥያቄሽ ተፈቅዷል፤ መኪናው እየመጣ ነው» ተብሎ ገባ። ጥሪው እንደደረሰ የሚላከው የመጀመሪያው መልእክት ግን እንደሱ ቀረ፤ «ጥያቄዎ ደርሶናል። ባሉበት ሆነው ይጠብቁ» ይላል።

መካነ ሰላም ላይ ተመረቀ። ሸራ ተወጠረ፣ ኮፍያና ካኔቴራ ታደለ፣ ድንኳን ተተከለ። አንዲት ልጅ ቀሚሷ ውስጥ ትራስ ከታ ምጥ እንደያዛት ሆና ጮኸች። ጥሪው ተላከ። አጽዳቂው አስተባባሪ ከፊት ወንበር ላይ ስልኩን በእጁ ይዞ ተቀምጦ ነበርና ወዲያው «ፍቀድ» የሚለውን ተጫነው፤ አምቡላንሱ እየጮኸ መጣ። ጭብጨባው ድንኳኑን ሊያነሳው! እህቴ እዚያ ነበረች፤ ሆዷ ገና መታየት ጀምሯል። «ትራሷ በሰላም ተገላገለች» ብላ ሳቀች። ከዚያ መልእክቱን በልጅቱ ስልክ ላይ አይታ ትከሻዬን መታችኝ። «አንቺ ሌባ! አብሽሪ የኔ ናት፤ ከጅዳ ነው የሰረቅሽኝ» አለችኝ። ላገኘችው ሰው ሁሉ «የእህቴ ሥራ ነው» ስትል ዋለች። ስልኳንም ያኔውኑ አስመዘገበች።

ብዙም ሳይቆይ ሾፌሩ ደወለልኝ። አንዲት ሴት ደም እየፈሰሳት ወኪሉ ጠብቅ ቢለው ጥሎት ሄዶ አድርሷታል። ሴቲቱ ዳነች። ለእሱ ግን ማስጠንቀቂያ ደረሰው፤ ያለ ፈቃድ መንቀሳቀስህ ከተደገመ ትሰናበታለህ ተባለ። «እህቴ» አለኝ፣ «መጀመሪያ ያመጣሽልኝ ልጅ እኮ ጨዋ ነበር። ማን አበላሸብሽ?» ይህንኑ ለኃላፊው ብነግረው «ሴትየዋ ድናለች አይደል? ታዲያ ምን ችግር አለ?» አለኝ። እንዲህ ካለ ሰው ጋር ምን ትነጋገራለህ?

በመካነ ሰላም የገበያ ቀን ነበር። ረፋድ ላይ ቢሮ ተቀምጬ ሳለሁ ስክሪኑ ካርታ ላይ አንዲት ቀይ ነጥብ በራች። የእህቴ መንደር ጤና ኬላ ናት። የእናትየዋን ስልክ ቁጥር ከፍቼ አየሁ። የእህቴ ቁጥር ነው። የመካነ ሰላሙ አምቡላንስ ወኪል ወዲያው «እኔ አለሁ» ብሎ መለሰ፤ ሌሎቹ ዝም አሉ። እንዴት ደስ አለኝ! ልጆቼ አላሳፈሩኝም። ከዚያ መስመሩ ቢጫ ሆነ። «ፈቃድ በመጠበቅ ላይ» አለ።

የዚያ አካባቢ ጠርናፊ ወኪል ያለው በዚያው አስተባባሪ ስልክ ውስጥ ነው። አስተባባሪው ደግሞ ስልጠና ላይ ነው፤ ስልክ በር ላይ ተሰብስቦ እስኪያልቅ በማይመለስበት የቀናት ስልጠና። ደወልኩ፣ ዝግ ነው። ደገምኩ፣ ዝግ ነው። ወደ ባልደረባዬ ሮጥኩ፤ «ክፈተው፣ እለፈው፣ የፈለግከውን አድርግ» አልኩት። «የይለፍ ቃሉ ያለው ኃላፊው ጋ ብቻ ነው» አለኝ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው። በሩን ሳላንኳኳ በርግጄ ገባሁ።

«አምቡላንሱ ባዶውን ቆሟል፣ ሴትዮዋ ምጥ ላይ ናት፣ እባክዎ ከርስዎ በኩል ይፍቀዱ» አልኩት።

«አስተባባሪውስ?»

«ስልኩ ዝግ ነው። እህቴ ናት፣ በፈጠረዎት!»

እህቴ ያልኩበት አንደበቴ ምነው በተቆረጠ። ሰውየው ወደ ኋላ ተደላድሎ ተቀመጠና ተሰብሳቢዎቹን ዞሮ አያቸው። «አያችሁ?» አለ። «ኪራይ ሰብሳቢነት የምንለው ይኸው ነው። የራስ ዘመድ ሲሆን አሠራር ይፍረስ ይባላል። እንደማንኛውም ተገልጋይ ተራዋን ትጠብቅ።»

«የምን ተራ? ከፊቷ እኮ ማንም የለም!»

«ስሜታዊ አትሁኚ» አለኝ።

ስሜታዊ አትሁኚ! ያን ጊዜ ያልኩትን እዚህ አልጽፈውም፤ ለአንባቢም ለእናቴም ነውር ነው። በሩን ስወጣ እንዴት አድርጌ እንደዘጋሁት አላውቅም፤ መስታወቱ ወረደ አሉ።

ደረጃው ላይ ቆሜ ለሾፌሩ ደወልኩ። ኔትወርኩ ይመጣል፣ ይጠፋል። ደወልኩ፣ ደወልኩ፣ እያለቀስኩ ደወልኩ። በመጨረሻ ገባልኝ። «ጋሼ፣ ያቺ የምትጠብቅዎት ሴት እህቴ ናት» አልኩት። «ያንቺም ሆነች የማንም፣ ሞተር አስነስቼ ተቀምጫለሁ። ይሄ ነገር ጠብቅ ይለኛል፤ እኔም የአራት ልጆች አባት ነኝ» አለኝ። ድምፁ እንደ ሌላው ጊዜ አልነበረም። «ወኪሉን ይዝጉት ጋሼ» አልኩት። «ዘጋሁት፤ እንግዲህ የፈለጉትን ያድርጉኝ» ሲለኝ ሞተሩ ሲያጓራ ተሰማኝ፤ መስመሩም ተቋረጠ።

ከወንዙ ማዶ የሆነውን የሰማሁት ኋላ ነው። የጤና ኬላዋ ሠራተኛ፣ ደግ ልጅ ናት፣ እህቴን ቀኗ ሳይደርስ ከተማ ገብታ የእናቶች ማቆያ እንድትቀመጥ ለምናት ነበር። «ምን በወጣኝ! የእህቴ መኪና ይመጣልኛል» ብላ እምቢ አለቻት። ምጡ ሲጠና ልጅቷ ጥሪውን ላከች፤ ጎረቤቶቹ በቃሬዛ ተሸክመው ወንዙን አሻገሯት። መንገዱ ዳር ሲደርሱ መኪና የለም። ስልኳ ላይ ግን «ባሉበት ሆነው ይጠብቁ» ይላል። ወንዶቹ «ተነሱ፣ ወደ ከተማ እንዝለቅ፣ በእግራችን እናደርሳታለን» ብለው ቃሬዛውን ሊያነሱ ሲሉ የከለከለቻቸው ራሷ ናት። «ቆዩ፣ ጠብቁ ብሏል። እህቴ የሠራችው ነው፣ ይመጣል» አለቻቸው። ጥላ ሥር አስቀምጠዋት ጠበቁ። ጸሐዩ አናት ላይ እስኪደርስ ጠበቁ። ከዚያ ባሏ አልሰማትም፤ አነሷት። ሾፌሩ ዳገቱ ላይ አገኛቸው። ልጁ መኪናው ውስጥ ተወለደ። ወንድ ነበር። አላለቀሰም።

እኔ በማግስቱ ደረስኩ። የሆስፒታሉ ሰዎች እህቴን አትርፈዋት ነበር፤ ውለታቸውን አልረሳም። ልጁን ባሏና ጎረቤቶቹ ወስደው ቀብረውታል። እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች። ጡቷ ወተት ሞልቶ አስቸግሯት በነጠላ ጥብቅ አድርገው አስረውታል። አጠገቧ ተቀመጥኩ። አብሽሪ ልላት አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። እሷም ፊቷን አልመለሰችልኝም። ብትሰድበኝ በስንት ጣዕሙ!

ሾፌሩ በነጋታው ከሰዓት በኋላ ሙዝ ይዞ ሊጠይቃት መጣ። ከሥራ መታገዱን እዚያው ነገረኝ፤ ለእሷ አትንገሪ አለኝ። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ እንዳለ፣ ትራሷ አጠገብ ያለው ስልክ ጮኸ። አነሳችውና አየችው። ከዚያ ትምህርት ቤት እንደሚነበበው ጮክ አድርጋ አነበበችው።

«አብሽሪ። ጥያቄሽ ተፈቅዷል፤ መኪናው እየመጣ ነው።»

ስልጠናው አልቆ፣ አስተባባሪው ስልኩን ከበር ላይ ተቀብሎ ከፍቶታል ማለት ነው። ጥያቄው ተራውን ጠብቆ፣ ሳይጠፋ፣ ሳይበላሽ፣ በሥርዓት ደረሰው፤ እሱም በሥርዓት አጸደቀው። ያ የተረገመ ሲስተም አንድ ነገር አላጎደለም። ሾፌሩ ተነስቶ ወደ መስኮቱ ሄደ።

«እታለም» አለችኝ እህቴ። ከመጣሁ ስትጠራኝ የመጀመሪያዋ ነው።

«አቤት የኔ ዓለም።»

«ይቺ ቃል የኔ አልነበረችም?»

«ያንቺ ናት።»

«መልሺልኝ። ሁለተኛ እዚያ ውስጥ እንዳላያት። ለሌላ ሴት እንዳይልኩባት።»

አዲስ አበባ የገባሁ ዕለት ቤቴ እንኳ ሳልደርስ ቢሮ ሄድኩ። ማንንም ሳላናግር ኮምፒውተሩን ከፍቼ ያቺን ቃል ከሲስተሙ አጠፋኋት። ሌላው ይቅርና እሷን እንኳ ማጥፋት ፈቃድ ይጠይቅ ነበር፤ አልጠየቅሁም። ኃላፊው ወዲያው ጠራኝ። በሩ ላይ አዲስ መስታወት ገብቷል።

«ማን አዘዘሽ?» አለኝ።

«እህቴ» አልኩት፤ ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ።